ለሦስት አንባቢ የተላከው አንድ ድርሰት፦ ከልምምድ ጽሑፍ የሚጠቅም ግብረ መልስ እንዴት ይገኛል?

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ ለጂአርኢ ፈተና ሲዘጋጅ የልምምድ ድርሰት ጻፈና ለሦስት አንባቢ ላከው። የመጀመሪያዋ ውጭ አገር የምትኖር ታላቅ እህቱ ናት፤ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ጎበዝ!» ብላ መለሰችለት። ሁለተኛው እንግሊዝኛ የሚያስተምር የሰፈሩ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ከ11 ቀን በኋላ 34 ቦታ ላይ በቀይ ያሰመረበትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከለት። ሦስተኛው ቻትቦት ነበር፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ «ከ6 5 ታገኛለህ» አለው። ጓደኛዬ ሦስቱንም ካሳየኝ በኋላ «እሺ፣ ነገ ማታ ሌላ ድርሰት ልጽፍ ነው። ምን ልቀይር?» ብሎ ጠየቀኝ።

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ሦስት ግብረ መልስ ይዟል፤ ነገ ማታ የሚሠራበት ነገር ግን የለውም።

ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። የጂአርኢ መፈተኛ ክፍያ ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ ለብዙ ጀማሪ ምሩቅ ይሄ ከአንድ ወር ደመወዝ የሚበልጥ ገንዘብ ነው። ደግሞ ለመፈተንም ቢያንስ 21 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ይዘጋል። በዚያ ላይ አብዛኞቻችን በሰዓት ተገድቦ ድርሰት መጻፍን ሳንለምደው ነው የምናድገው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ጥያቄ ምርጫ ነው፤ ከአራቱ አንዱን መምረጥ። ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጦ «30 ደቂቃ አለህ፣ አቋምህን ጻፍ» መባል ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚመጣው ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ለማመልከት ስንነሳ ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ጥያቄውን በማውቀው መንገድ ልየው ብዬ ተነሳሁ። በእኛ ሙያ ግብረ መልስ ሲባል አስተያየት ማለት አይደለም። ቤታችሁ ያለውን ፍሪጅ አስቡ። ውስጡ የሚፈለገው የሙቀት መጠን ተወስኗል፣ አንድ ሴንሰር አሁን ያለውን ሙቀት ይለካል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ሞተሩን ያስነሳዋል ወይም ያጠፋዋል። ግብ፣ ልኬት፣ ከልዩነቱ የሚወጣ ድርጊት፤ በቃ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፍሪጁ ወይ ሥጋውን ያበላሻል ወይ ወተቱን በረዶ ያደርገዋል። (ሐሳቡን በኤሌክትሮኒክስ ያስገባው ሃሮልድ ብላክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ሥራ ሲሄድ ጀልባ ላይ መፍትሔው ብልጭ አለለትና በእጁ በያዘው ጋዜጣ ላይ ሥዕሉን ሣለው። ጥሩ ሐሳብ ጠረጴዛ አይጠብቅም መሰለኝ።)

አሁን በዚህ ዓይን የጓደኛዬን ሦስት መልሶች እንያቸው። የእህቱ መልስ ልኬት የለውም። የመምህሩ መልስ ልኬት አለው፤ ግን የተለካው ነገር ትክክለኛው ነው ወይ? የቻትቦቱ መልስ ቁጥር አለው፤ ከቁጥሩ የሚወጣ ድርጊት ግን የለም።

ከግቡ እንጀምር፤ ምክንያቱም ግቡ የተደበቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ የጂአርኢ የጽሑፍ ክፍል አንድ ድርሰት ብቻ ነው። አንድ አከራካሪ ሐሳብ ይሰጣችኋል፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ አቋም ይዛችሁ ታስረዳላችሁ። ነጥቡ ከ0 እስከ 6 ነው፤ በግማሽ ግማሽ ይጨምራል። አዘጋጁ ኢቲኤስ የነጥብ አሰጣጥ መመሪያውን በይፋ አውጥቶታል፤ 6 ያገኘ፣ 5 ያገኘ፣ እስከ ታች ድረስ ናሙና ድርሰቶችን ለምን ያንን ነጥብ እንዳገኙ ከሚገልጽ ማብራሪያ ጋር አስቀምጧል። ሊመጡ የሚችሉት የርዕስ ጥያቄዎችም ሳይቀሩ ተዘርዝረው ይገኛሉ። ይህን ሁሉ ሳያነብ 20 ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ አውቃለሁ። (እኔ ነበርኩ።)

መመሪያውን ስታነቡ አንድ የሚገርም ነገር ታገኛላችሁ። ሙሉ 6 የሚያገኝ ድርሰት ጥቃቅን የሰዋስው ስህተት ሊኖረው ይችላል ይላል። በ30 ደቂቃ የተጻፈ ነገር ረቂቅ እንደሆነ አራሚዎቹም ያውቃሉ። የሚፈለገው ግልጽና የታሰበበት አቋም፣ አሳማኝ ምክንያትና ምሳሌ፣ የሐሳብ ቅደም ተከተል፣ ከዚያም የቋንቋ ብቃት ነው። በአይልትስም ቢሆን ሰዋስው ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው፤ የተቀሩት ለጥያቄው መመለስ፣ የሐሳብ ትስስርና የቃላት ሀብት ናቸው።

እንግዲህ 34ቱ ቀይ መስመሮች ምን ነበሩ? ቆጠርናቸው። 31ዱ የሰዋስውና የፊደል ነበሩ። ስህተት ናቸው? አዎ። ግን ድርሰቱ ዋና ችግሩ ሌላ ነበር። ርዕሱ «ከተሞች ለመኪና መንገድ ከማስፋት ይልቅ ለእግረኛ ቦታ መስጠት አለባቸው» ዓይነት ነው። ጓደኛዬ ሁለት ሙሉ አንቀጽ ስለ ከተማ ታሪክና ስለ ሕዝብ ብዛት ጽፎ አቋሙን የተናገረው በሦስተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ሰው ቤት ብድር ልንጠይቅ ስንሄድ እንኳን መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ከዚያ ስለ ልጆች፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ ጥያቄው የሚመጣው ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። ለጎረቤት መልካም ነው። 30 ደቂቃ ለተሰጠው ሰውና ብዙ ወረቀት ለሚጠብቀው አራሚ ግን አይሆንም። መምህሩ ይህንን አላሰመረበትም፤ ምክንያቱም ሲማር የለመደው ቀይ እስክሪብቶ የሚፈልገው ፊደልና ጊዜ አመልካች ግስ ነው። ቴርሞሜትር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የጎማ አየር ግን አይለካም።

አንባቢዎች የተለያየ ነገር እንደሚለኩ የሚያሳይ አንድ የቆየ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 የኢቲኤሱ ፖል ዲደሪክና ባልደረቦቹ የኮሌጅ ጀማሪዎች የጻፏቸውን 300 ድርሰቶች ከስድስት የሙያ ዘርፍ ለተውጣጡ 53 አንባቢዎች ሰጡ፤ መምህራን፣ ጸሐፊዎችና አርታኢዎች፣ ጠበቆች፣ የንግድ ሰዎች ነበሩባቸው። መመሪያ አልተሰጣቸውም፤ በራሳችሁ ሚዛን ከ1 እስከ 9 ስጡ ተባሉ። ከ300ዎቹ 101ዱ ድርሰቶች ከ1 እስከ 9 ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ አገኙ። አንድ ድርሰት፣ ከአንዱ አንባቢ 1፣ ከሌላው 9! ከአምስት ያነሰ የተለያየ ነጥብ ያገኘ ድርሰት ጭራሽ አልነበረም።

ይህንን ስሰማ መጀመሪያ ያልኩት «ታዲያ ነገሩ ዕጣ ነዋ» ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን እዚያ አላቆሙም። ነጥቦቹን በስታቲስቲክስ ሲተነትኑ አንባቢዎቹ በአምስት ቡድን ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን በዋናነት ሐሳቡን ይመዝናል፣ ሌላው የሰዋስውና የፊደል ስህተትን፣ ሌላው አደረጃጀትን፣ ሌላው የቃላት አመራረጥን፣ ሌላው ደግሞ የጸሐፊውን ለዛ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ዝም ብሎ የመጣ ኖይዝ አልነበረም፤ አምስት ዓይነት ሴንሰር አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የፈተና አራሚዎች በመመሪያና በናሙና የሚሠለጥኑት ለዚህ ነው።

እናንተም የራሳችሁን አንባቢ እንዲሁ ማሠልጠን ትችላላችሁ። ባለ ሱቅ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ክብደቱ የታወቀ ብረት ጭኖበት ነው፤ አይደል? ኢቲኤስ ካወጣቸው ናሙናዎች ሦስቱን ነጥባቸውን ሸፍናችሁ ለአንባቢያችሁ ስጡት። «ስንት ትሰጣቸዋለህ? ለምን?» በሉት፤ ከዚያ እውነተኛውን ነጥብ ግለጡ። አንባቢያችሁ ለሁሉም አንድ ነጥብ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ የእናንተንም ዝቅ ያደርጋል ማለት ነው፤ አሁን ግን በስንት እንደሚያዛባ ታውቃላችሁ። እኔና ጓደኛዬ ይህን ስናደርግ ሁለታችንም 4 ያገኘውን ድርሰት 5 ብለነው ነበር፤ ረጅም ስለነበረ ብቻ።

ከዚህ ሌላ መዘዝም ይወጣል። ባለፈው ሳምንት 4፣ በዚህ ሳምንት 4.5 ካገኛችሁ አትጨፍሩ፤ 3.5 ካገኛችሁም አታልቅሱ። በአንድ አንባቢ ዓይን ግማሽ ነጥብ ከኖይዝ አይለይም። በእውነተኛው ፈተና ራሱ አንድ የሠለጠነ ሰው እና ኢ-ሬተር የሚባል ፕሮግራም ሁለቱም ያነቡታል፤ ከተቀራረቡ አማካዩ ይያዛል፣ ከተራራቁ ሌላ ሰው ይጨመራል። አዘጋጁ እንኳን አንድ ንባብን ብቻውን አያምንም።

ወደ 11 ቀኑ ልመለስ። ውኃ ማሞቂያ ያለበት ሻወር ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሙቁን ትከፍታላችሁ፣ ውኃው አሁንም ቀዝቃዛ ነው፤ ጨምራችሁ ትከፍታላችሁ፣ አሁንም ቀዝቃዛ፤ ጨርሳችሁ ስትከፍቱት የመጀመሪያው ሙቅ ውኃ ይደርስና ያቃጥላችኋል። ከዚያ በድንጋጤ ትዘጋላችሁ፣ ደግሞ ትበርዳላችሁ። ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም፤ እጃችሁ ባደረገው ነገርና ሰውነታችሁ በተሰማው መካከል ያለው መዘግየት ነው። በቁጥጥር ምህንድስና መዘግየት ሥርዓትን ከሚያናጉ ነገሮች ዋነኛው ነው። ጓደኛዬ በ11ዱ ቀን ውስጥ አራት ሌላ ድርሰት ጽፎ ነበር። ያው ዙሪያ ጥምጥም መግቢያ አራት ጊዜ ተለማምዶታል፤ እያጸናው ነበር ማለት ነው። እኔ ብሆን ከ11 ቀን በኋላ ከሚመጣ 34 እርማት ይልቅ በነጋታው የሚመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር እመርጣለሁ።

የእህቱስ «ጎበዝ»? ምንም ጉዳት የለው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1996 አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ደኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው 607 ውጤቶችን አነጻጸሩ። በአማካይ ግብረ መልስ ይጠቅማል። ግን ከሦስት እጅ አንዱ በላይ በሚሆኑት ውጤቶች ላይ ግብረ መልስ የተሰጠው ሰው ካልተሰጠው የባሰ ሠርቷል! የእነሱ ማብራሪያ ምን መሰላችሁ? ግብረ መልሱ ትኩረትን ከሥራው አንስቶ ወደ ራስ ማንነት ሲወስደው ይጎዳል። «ጎበዝ ነህ» እና «እንግሊዝኛህ ደካማ ነው» ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሰውየው ነው፤ ስለ ሁለተኛው አንቀጽ አይደለም። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ በተማሪዎች ላይ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት ደግሞ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ተሻሻሉ፤ ነጥብ የተሰጣቸው አልተሻሻሉም፤ ነጥብም አስተያየትም አንድ ላይ የተሰጣቸውም አልተሻሻሉም። ቁጥሩ አስተያየቱን ዋጠው። ራሳችሁን ታዘቡ፤ ፈተና ሲመለስ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው?

ማሽኑንስ እንመን? ድርሰት የሚያርም ፕሮግራም አዲስ ነገር አይደለም። ኤሊስ ፔጅ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1966 ሐሳቡን ይዞ ተነስቷል። ያኔ ኮምፒውተር ሐሳብ ሊረዳ አይችልም፤ ስለዚህ ፔጅ ሊቆጠሩ የሚችሉ ምልክቶችን ቆጠረ፤ የድርሰቱን ርዝመት፣ ኮማዎችን፣ የመሳሰሉትን። ጎበዝ ጸሐፊዎች በብዛት ረዘም አድርገው ስለሚጽፉ ርዝመት የችሎታ ጥላ ሆኖ ያገለግላል። ጥላ ግን ጥላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኤምአይቲው ሌስ ፔሬልማን ከተማሪዎች ጋር ሆኖ ሦስት ቃል ሲሰጡት ትርጉም የሌለው፣ ግን ቃላቱ የከበዱ ድርሰት የሚፈበርክ ፕሮግራም ሠራ። አራሚ ማሽኖቹ ለዚያ ቅዠት ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት።

የዛሬዎቹ ቻትቦቶች ከዚያ በጣም ይሻላሉ፤ ዝርዝር አስተያየትም ይሰጣሉ፣ አይዘገዩምም። ነጥባቸውን ግን ከማመናችሁ በፊት ያንኑ ድርሰት በአዲስ ንግግር ሁለት ሦስት ጊዜ ስጧቸው። የጓደኛዬ 5 በሁለተኛው ሙከራ 4 ሆነ፤ «ይህን የጻፈው የማልወደው ሰው ነው» ብሎ ሲያስገባው ደግሞ 3.5። ስለዚህ እኔ ነጥብ አልጠይቃቸውም። የምጠይቀው «የዚህን ድርሰት አቋም በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ለአቋሙ ምን እንደጨመረም ንገረኝ» ብዬ ነው። የሚነግረኝ እኔ ላል ከፈለግሁት ከተለየ ስህተቱ የት እንዳለ አገኘሁት ማለት ነው። «አስተካክለህ ጻፍልኝ» ግን አትበሉት። ያማረው ጽሑፍ የእሱ ነው፤ ፈተና ክፍል ውስጥ አይከተላችሁም።

ሰዓቱን አልረሳሁትም። ብዙ ሰው የልምምድ ድርሰቱን ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ የፊደል አራሚ እየረዳው ይጽፍና ለአስተያየት ይልካል። የጂአርኢ መጻፊያ ስክሪን ላይ ግን ፊደልና ሰዋስው የሚያርም ነገር የለም፤ 30 ደቂቃውም አይለጠጥም። በሁለት ሰዓት የተጻፈ ድርሰት ላይ የሚሰጥ አስተያየት ሌላ ማሽንን መለካት ነው። ስትጽፉ ስልካችሁን በየ10 ደቂቃው እንዲጮህ አድርጉትና በጮኸ ቁጥር የደረሳችሁበት ቦታ ላይ ኮከብ ጣሉ። አንባቢው ኮከቦቹን ሲያይ ብዙ ይረዳል፤ የጓደኛዬ የመጀመሪያ ኮከብ መግቢያው ውስጥ ነበረች!

እዚህ ላይ አንድ ማነቆ ተገኘ። ጓደኛዬ ሐሳብ አላጣም፤ ጣቱ ነበር የዘገየበት። ከመጽሐፍ እየገለበጠ ለ10 ደቂቃ ሲተይብ 150 ቃል ሆነ፤ በደቂቃ 15። ለማሰብ 5፣ ለማንበብ 5 ደቂቃ ቢተው ለመጻፍ 20 ደቂቃ ይቀረዋል፤ ምንም ሳያስብ፣ ሳያጠፋ ቢተይብ እንኳን 300 ቃል ነው። በዚህ ፍጥነት ስለ ሰዋስው ማንም ምንም ቢለው ለውጡ ትንሽ ነው። ለሁለት ሳምንት በቀን 15 ደቂቃ መተየብ ተለማመደና በደቂቃ 24 ደረሰ። ከ34ቱ ቀይ መስመሮች ውስጥ ይህንን የነገረው አልነበረም፤ ኮከቧ ነገረችው።

በመጨረሻ ማንን አንባቢ አደረገ መሰላችሁ? እንግሊዝኛዋ ከእሱ የማይሻል፣ 11ኛ ክፍል የምትማር ታናሽ እህቱን። እሷን የጠየቃት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ አቋሜ ምንድነው? በስንተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አወቅሽው? የት ቦታ «ታዲያ እንዴት?» አልሽ? ድርሰቱን ማታ ይጽፋል፣ እሷ ጠዋት ቁርስ ላይ ታነበዋለች። አንድ ቀን «እግረኛ ሲበዛ ሱቆች ይጠቀማሉ ብለሃል፤ እንዴት? በመኪና የሚመጣውም እኮ ይገዛል» አለችው። ይህ አንድ ጥያቄ ሙሉ አንቀጽ ሆነለት፤ በመኪና የሚያልፍ ሰው ሱቁን እንደማያየው፣ በእግሩ የሚሄድ ግን በየበሩ እንደሚቆም ጻፈ። ሌላ ቀን ደግሞ «ሰፊ መንገድ ከሌለ አምቡላንስ በየት ይገባል?» አለችው። መልስ አልነበረውም፤ በሚቀጥለው ድርሰት ላይ ግን ተቃራኒውን ሐሳብ ራሱ አስቀድሞ አነሳው።

ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ በትንሽ ደብተር ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጽፋል፤ ነገ የምቀይረው አንድ ነገር። ሁለት አይደለም። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ብትቀይሩ የትኛው እንደሠራ አታውቁም፤ ደግሞም በ30 ደቂቃ ውስጥ አምስት ማሳሰቢያ የሚሸከም ጭንቅላት የለም። ሰዋስዉንም አልተወውም፤ ከ31ዱ እርማቶች 12ቱ ያው አንድ ዓይነት ስህተት መሆናቸውን አይቶ እሱን ብቻ አንድ ሳምንት አሳደደው።

የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ አሳይቶኛል። የመጀመሪያው መስመር «አቋም፣ በ2ኛው ዓረፍተ ነገር» ይላል። አራተኛው «ምሳሌው ለምን እንደመጣ ተናገር»። ዘጠነኛው ላይ እህቱ ራሷ በእርሳስ ጽፋበታለች፦ «ዛሬ ምንም አላልኩም፤ ገብቶኛል። ግን መጨረሻው ላይ ቸኩለሃል።» ኮከቦቹን አየናቸው፤ ልክ ነበረች።